የመኪና ፍሪጅ ዕቅድ፦ ከጉባኤው በፊት እዚህ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን የፍሪጅ ሐሳብ እዚሁ እናብስለው። ነገሩን ታውቁታላችሁ። እንግዶች የምናስጎበኝባቸው 11 ላንድክሩዘርና ወደ ካምፐር (ውስጡ የሚታደርበት መኪና) የተቀየሩ ሁለት ሃይሩፎች አሉን። ሁላችንም የምንሠራው በአይስ ቦክስ ነው። መቀሌ ላይ በረዶ ገዝተን ወደ አፋር እንወርዳለን። በሁለተኛው ቀን በረዶው ውሃ ይሆናል፤ ሥጋው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ፓስታ በቲማቲም ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪና አንድ 300 ዋት ሶላር ይግዛ።» አስተያየት ያለው ይጻፍ። እዚህ ዝም ብሎ ጉባኤ ላይ የሚያጉረመርም ሰው እንዳይኖር።

ገንዘብ ያዥ፦
ለ13 መኪና? ካዝናውን ሳታዩ ነው የጻፋችሁት። ዶላሩ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ፕሮፎርማ በተቀበልኩ ቁጥር ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ቁጥሩን ግን ከየት አመጣችሁት?

ወጣቱ አባል፦
እኔ እንዲያውም 300 ዋት ያንሳል ባይ ነኝ። 400 እናድርገው። አገራችን እንደሆነች ፀሐይ ሞልቷታል። ፓኔሉ ትልቅ ከሆነ ባትሪውን ማሳነስ ይቻላል። ፍሪጁም በርካሽ ይገኛል፤ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ትንሽ «ኩለር» አይቻለሁ፣ ኮምፕሬሰር እንኳ የለውም።

ኤሌክትሪሽያኑ አባል፦
ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ ካልከው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው። ያ ኮምፕሬሰር የሌለው ኩለር ከውጪው አየር ቢበዛ 20 ዲግሪ ነው የሚቀንሰው። ዳናኪል ውስጥ በምናድርባት ሐመድ ኢላ ጥላው 42 ሲሆን ውስጡ 22 ይሆናል ማለት ነው። 22 ዲግሪ ላይ ሥጋ አታስቀምጥም። ደግሞ አያርፍም፤ ሌት ተቀን 4 እና 5 አምፔር ይጎትታል።

የኮምፕሬሰሩ ፍሪጅ እንደዚያ አይደለም። ባለ 45 ሊትሩ ሲሠራ 50 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ በ12 ቮልት 4 አምፔር ገደማ ነው። ቁም ነገሩ ሁልጊዜ አለመሥራቱ ነው። ቀዝቅዞ ሲበቃው ራሱን ያጠፋል። ሰሜን ተራሮች ላይ ከሦስት ሰዓት አንዱን ቢሠራ ነው። 4 አምፔር በ8 ሰዓት ሲባዛ በቀን ወደ 32 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ያው ፍሪጅ ዳናኪል ሲወርድ ከአራት ሰዓት ሦስቱን ይሠራል። 72 ገባ ማለት ነው። እዚያው ያለው ዳሎል ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ሲለካ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ሌሊቱም ቀኑም ክረምቱም ተደምሮ ነው እንግዲህ።

አሁን ባትሪውን እዩት። 100 የተጻፈበት የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ አይቻልም። ስለዚህ 50 ነው የምንጠቀምበት። ሰሜን ላይ አንድ ቀን ተኩል ያቆያል፤ ዳናኪል ላይ አንድ ሙሉ ቀን አይሞላም። ሊቲየም የምንለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ከ100ው 90ውን መጠቀም ይቻላል። ክብደቱም ከአሲዱ ከግማሽ በታች ነው። ዋጋው ያስደነግጣል፣ አልዋሽም። አሲዱ እንደዚህ እየተሞላ እየወረደ ጥቂት መቶ ጊዜ ነው የሚቆየው፤ ሊቲየሙ ግን ሺዎች ጊዜ። ገንዘብ ያዣችን ይህን ያስላው።

ፓኔሉ ላይ ደግሞ 200 ዋት ይበቃናል። ጥሩ ፀሐይ በቀን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ብናስብ 1,100 ዋት-ሰዓት ይመጣል፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል 92 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ አቧራው ይቀንሳል፣ ገመዱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል። አዎ፣ ሙቀት ለፓኔል ጠላቱ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። አፋር ጣሪያ ላይ የተኛ ፓኔል 65 ዲግሪ ሲደርስ 16 በመቶው በነነ ማለት ነው። ተቀናንሶ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪው ውስጥ ይገባል። 72 ይወጣል፣ 60 ይገባል። በቀን የጎደለችውን 12 ባትሪው ይሸፍናል። የአራት ቀን ጉዞ ያለ ችግር ያልቃል።

ወጣቱ አባል፦
እሺ፣ ኩለሩን ትቼዋለሁ። ፓኔሉን ግን ወደ ደቡብ ማዘንበል አለብን አይደል? መመሪያው ላይ እንደዚያ ይላል።

ኤሌክትሪሽያኑ አባል፦
መመሪያው ለፈረንጅ አገር የተጻፈ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ አናት ላይ ናት። እንዲያውም በሰኔ ጎንደር ላይ ብትቆም እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ጣሪያው ላይ ዝም ብለህ አስተኛው። የምትጠነቀቀው ጥላ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ ትጭናለህ። የአንድ ጀሪካን ጥላ ፓኔሉ ጥግ ላይ ካረፈ የሚያጠፋው ያችን ጥግ ብቻ አይደለም፤ ከፓኔሉ ብዙውን ሊያደክመው ይችላል።

ሊቀመንበር፦
ልጆች፣ እኔ ስለ ዋትና አምፔሩ አልገባም። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከጓደኛ ፍሪጅ ተውሼ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካሁት። ማታ እንግዶቹ ቀዝቃዛ ቢራ ጠጥተው መረቁኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስተን ወደ ጨው ሜዳው ልንሄድ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ባትሪው ወርዷል። አራት ጀርመኖች በጭንቅላታቸው ላይ መብራት አስረው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ መኪናዬን ገፉ። አንደኛው እስከ ዛሬ ፎቶውን ይልክልኛል።

ስለዚህ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። የሞተሩ ባትሪና የፍሪጁ ባትሪ አይገናኙ።

ኤሌክትሪሽያኑ አባል፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ እሱ ረቂቁ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ሆኖም አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። መኪናው ሲሄድ ዲናሞው የፍሪጁን ባትሪ ይሙላ። በቀጥታ ገመድ ሳይሆን በመሃል ቻርጀር ገብቶ። ሊቲየም ባዶ ሲሆን ያገኘውን ስለሚጎትት ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል። ባለ 25 አምፔር ቻርጀር ካለን ሦስት ሰዓት ስንነዳ 75 አምፔር-ሰዓት ገባ። የዳናኪል የአንድ ቀን ፍጆታ ማለት ነው!

ገንዘብ ያዥ፦
ቆይ ቆይ። እንደሱ ከሆነ በየቀኑ የሚነዳ መኪና ፓኔል ለምን ያስፈልገዋል?

ኤሌክትሪሽያኑ አባል፦
አያስፈልገውም። ብዙዎቻችን ሶላር ሲባል እንጓጓለን እንጂ በየቀኑ ሦስት አራት ሰዓት የሚነዳ ሰው ዲናሞው ይበቃዋል። ፓኔል የሚያስፈልገው ቆሞ ለሚያድር ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዶቹ ከሳንካበር ካምፕ ተነስተው በእግር ሲሄዱ ጨነቅ ካምፕ ላይ ሦስት ቀን የሚጠብቅ መኪና አለ። ካምፐሮቹም አንድ ቦታ ይከርማሉ።

ጸሐፊ፦
ይሄ ረቂቁን ከሥሩ ለወጠው። ጥሩ ነው። 13 ፓኔል ቀረ።

ባለ ሃይሩፉ፦
የኔዋ ካምፐር ውስጥ ቀድሞ የነበረው ፍሪጅ በጋዝ የሚሠራ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ያ ደስ ይላል። ግን መኪናው ዝንፍ ካለ አይቀዘቅዝም፣ ሲሞቅም ይለግማል። ቆላ ወርጄ አንድ ኪሎ ቅቤ ዘይት ሆኖ ጠበቀኝ። በ12 ቮልት ሳደርገው ከ100 ዋት በላይ ያለማቋረጥ በላ። አውጥቼ ሸጥኩት።

አሁን የኮምፕሬሰር አለኝ። ከገዛሁት በኋላ ግን ሁለት ሳምንት ራሴን አዞረኝ። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፍሪጁ ግን «ቮልት አነሰ» ብሎ ይጠፋል። ችግሩ ገመዱ ነበር። ከፊት እስከ ኋላ 6 ሜትር፣ የቤት መብራት የምንዘረጋበት ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ቀጭን ገመድ ነው የሳብኩት። ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ደክሞ ፍሪጁ ጋ ሲደርስ 0.7 ቮልት ጎድሎታል። በባለ 6 ስቀይረው ጉድለቱ ከ0.2 በታች ሆነ፣ ፍሪጁም ጤናውን አገኘ። እባካችሁ ገመዱን በዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት። ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ፍሪጁ ጋ አይደለም።

ሌላም አለ። ባትሪ ስገዛ ላዩ ላይ 100 የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቤት ወስጄ ሞላሁትና ባለ 60 ዋት የመኪና ፍሬቻ... ይቅርታ፣ የፊት መብራት አምፖል አሰርኩበት። 20 ሰዓት ገደማ ማብራት ነበረበት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለኩሼው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጠፋ። የከፈልኩት የመቶውን ነው፣ የያዝኩት የስልሳውን። ሻጩ ገንዘቤን ለመመለስ ብዙ አንከራቶኛል።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲያው ሦስት ፕሮፎርማ እንሰብስብ፣ ክፍያው ግን በአምፖል ከተፈተነ በኋላ ይሁን። ይህን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ። ሌሊቱንም እኔ እጠብቀዋለሁ።

የካምፑ ወጥ ቤት፦
እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለሚገባው መብራት ነው። ስለሚወጣው ብርድ ማን ያውራ? አይስ ቦክሱን እንደ ሰርግ ቤት በር ነው የምትከፋፍቱት። አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ ኮካ ይላል፣ አንዱ ከፍቶ ያይና ምንም ሳያወጣ ይዘጋል። ፍሪጅ ቢመጣም ያው ነው።

የኔ ሐሳብ ይኸው። አይስ ቦክሱ አይጣል። መጠጡ እዚያ ይሁን፣ እንደፈለጋችሁ ክፈቱት። ፍሪጁ የሥጋ፣ የወተትና የእንቁላል ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል። በቀን ሦስት ጊዜ ይከፈታል። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ሌሊት ቤት ውስጥ በመብራት ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ፍሪጅ ይዞ ወጥቶ በመንገድ ላይ ማቀዝቀዝ ባትሪ መግደል ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ላስቲክ ውሃ በረዶ አድርጌ ከታች አነጥፋለሁ። ሌሊት ጋቢ አለብሰዋለሁ፣ ሙቀት የሚያወጣበትን ወንፊት ግን አልሸፍንም። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ እንግዳ ሲኖር እንኳ ያን ያህል አንቸገርም፣ ሽሮው ፍሪጅ አይፈልግም።

አንድም የረሳችሁት ነገር አለ። አምና የስኳር ሕመም ያለባት እንግዳ መጥታ ነበር። ኢንሱሊኗ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት። በረዶ ላይ ብናስቀምጠው ይረጋል፣ ከረጋ ተበላሸ። ውጪ ብንተወው ይሞቃል። ሌሊቱን ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ስነካካው ነው ያደርኩት። ለቢራው ብላችሁ ሳይሆን ለሷ ብላችሁ ግዙ።

ሊቀመንበር፦
እትዬ፣ የመጨረሻውን ለጉባኤው እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል። እኔ ብናገረው «ሊቀመንበሩ ቢራ ፈልጎ ነው» ይሉኛል።

ወጣቱ አባል፦
አንድ ነገር አልገባኝም። ፓኔሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ፍሪጁ ጥላ ይፈልጋል። መኪናው አንድ ነው። ሐመድ ኢላ ደግሞ ዛፍ የለም።

ኤሌክትሪሽያኑ አባል፦
ይሄ እስካሁን ከጠየቅከው ሁሉ ምርጡ ነው። ለዳናኪል ፓኔሉ ጣሪያ ላይ አይታሰር። የሚታጠፍ ይሁን፣ ባለ 10 ሜትር ወፍራም ገመድ ይኑረው። ፓኔሉን ሜዳው ላይ እናሰጣዋለን፣ ፍሪጁንና ባትሪውን ከአፋሮቹ ተነጋግረን ዳሱ ሥር እናስገባለን። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ቦታው ከባትሪው አጠገብ ነው። ጨው የነካውን መሰኪያ ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የሹፌሩ ሥራ ይሁን፤ እዚያ መዳብ በአንድ የጉዞ ወቅት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል።

ሰሜን ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ሊቲየም ከዜሮ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊቱ ሳሩን በረዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ባትሪው መቀመጫ ሥር፣ መኪናው ውስጥ ይደር። በብርድ ጊዜ ቻርጅ የሚያቆም መከላከያ ያለው ይገዛ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ራሱ ይቀጥላል።

ጸሐፊ፦
ሁለተኛው ረቂቅ። እዩልኝ።

«ማኅበሩ በዚህ ዓመት ለ13 ሳይሆን ለሦስት መኪኖች ይገዛል። ሁለቱ ለላንድክሩዘር፣ አንዱ ለካምፐር። እያንዳንዱ ስብስብ ባለ 45 ሊትር የኮምፕሬሰር ፍሪጅ፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ ከዲናሞው የሚሞላ ባለ 25 አምፔር ቻርጀር፣ ባለ 6 ገመድና ፊውዝ ይኖረዋል። የፍሪጁ ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ የተለየ ይሆናል። ባለ 200 ዋት ፓኔል ሁለት ይገዛል፤ አንዱ የካምፐሩ ጣሪያ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ታጣፊ ሆኖ መጋዘን ይቀመጥና ቆሞ የሚያድር ጉዞ ያለው ይወስደዋል። ባትሪው ሳይፈተን ክፍያ አይፈጸምም። ፍጆታው በየጉዞው በመለኪያ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይቀርባል። የፍሪጁ ቁልፍ በወጥ ቤቷ እጅ ይሆናል።»

ገንዘብ ያዥ፦
በዚህ እፈርማለሁ። ላንድክሩዘሮቹ በምን ተራ ይወስዳሉ? በዕጣ ነው?

ሊቀመንበር፦
በዕጣ። የኔን ስም ግን አታስገቡ፣ እኔ ያን መለኮሻ ነቅዬ ጥዬዋለሁ።

ባለ ሃይሩፉ፦
ከዕጣው በፊት የየመኪናውን ቮልት እዩ። ከድሮዎቹ መካከል 24 የሆኑ አሉ። ፍሪጁ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ቻርጀሩ ግን ላይቀበል ይችላል።

ጸሐፊ፦
ጨምሬዋለሁ። እስከ ዓርብ ድረስ ሌላ ያለው ይጻፍ። እትዬ፣ ሦስት ፍሪጅ ከሆነ ሦስት ቁልፍ ነው፤ እርስዎ የሌሉበት ጉዞ ላይ ማን ይያዝ?

የካምፑ ወጥ ቤት፦
ሹፌሩ ካልሆነ ማንም ይያዘው።