የዶል ቆዳ ማጣበቅ ጀመረ፣ የጅንስ ቀለምም ገብቶበታል፣ በምን ይጸዳል?

ዝምተኛው፦
ሰላም ናችሁ፣ ጥያቄዬ የአዋቂ ዶል (አሻንጉሊት) የሚመለከት ነው፣ በሰው ቁመት የሚሰራው ማለቴ ነው፣ ሰው ፊት አውጥቼ የምጠይቀው ነገር ስላልሆነ እስቲ እዚህ የሚያውቅ አይጠፋም ብዬ ነው። ቆዳዋ ሰሞኑን ማጣበቅ ጀምሯል፣ እንደ ድሮው እጅ ላይ ለስለስ አይልም፣ አቧራውም የጨርቅ ብናኙም ሁሉ ይለጠፍባታል። በዛ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጅንስ ለብሳ ስለቆየች ጭኗ ጎን ላይ ስፌቱ ያረፈበት ቦታ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ቀርቷል፣ በሳሙና ሞከርኩት ንቅንቅ አላለም። ኢንተርኔት ላይ አንዱ አልኮል ይላል አንዱ አሴቶን ይላል፣ ሁለቱንም ፈራሁና ተውኩት። ምን ባደርግ ይሻላል? ደግሞ ቆዳዋ ላይ የሚነሰነሰው ፓውደር ግድ ነው ወይስ ለማሳመር ነው?

ጥገና ወዳድ፦
እንኳንም ፈራህ። አሴቶን ቀለምና ሜካፕ ያለበትን ቦታ በአንዴ ነው የሚያነሳው፣ አልኮሉ ደግሞ ቲፒኢ (እንደ ጎማ የሚለጠጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው) ላይ ዘይቱን እየመጠጠ ያደርቀዋል፣ የደረቀ ቲፒኢ በኋላ መታጠፊያ መታጠፊያው ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። ከምትለው ነገር ተነስቼ ያንተ ቲፒኢ ትመስለኛለች፣ አረጋግጥና ንገረን ምክንያቱም አያያዙ ከሲሊኮን በጣም ይለያል።

ቲፒኢ እንዲለሰልስ ሲሰራ ብዙ የማዕድን ዘይት ይገባበታል፣ ያ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ በተለይ ሙቀት ሲሆን። ስለዚህ የሚያጣብቅህ ቆሻሻ አይደለም የራሷ ላብ በለው፣ ፈትገህ የምታስለቅቀው ነገር አይደለም። ለብ ያለ ውሃና ለህጻን የሚሆን ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ በቃ። ሻካራውን ጎን እንዳትጠቀም፣ ቆዳው ላይ ጭረት ይተዋል። ውሃው አንገቷ ጋ እንዳይደርስ፣ ጭንቅላቱ የሚገጠምበት ብሎን ብረት ነው፣ ውሃ ከገባበት ይዝጋል፣ ዝገቱ ደግሞ ከውስጥ ወደ ቆዳው ቀለም ይሰጣል። ፊቷን እርጥብ ጨርቅ ጨምቀህ ብቻ ጥረገው፣ ሽፋሽፍቱ በሙጫ ነው የተያዘው።

ስታደርቃት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዘህ መታ መታ አርገው እንጂ አትሸው፣ ተራ ፎጣ ብናኝ ይተዋል። የፀጉር ማድረቂያ በሙቅ አየር በጭራሽ፣ ቲፒኢ ሙቀት አይችልም ይለሰልስና ቅርጹን ይቀይራል፣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ከሆነ ችግር የለውም። ከዛ ነው ፓውደሩ፣ ለማሳመር ሳይሆን የወጣውን ዘይት እንዲይዝልህ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ስስ አርገህ ስታለብሳት ማጣበቁ ወዲያው ይጠፋል፣ በእጅህ ትለየዋለህ።

የሰማያዊው ነገር ግን በሳሙና አይወጣም፣ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሰርጓል። የሚሰራው 10 ፐርሰንት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት የብጉር ክሬም ነው፣ ቀለሙን አቃጥሎ ነው የሚያነጣው። ማሸጊያው ላይ ስሙን አንብብ ምክንያቱም የብጉር ክሬም ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ለዚህ ምንም አይፈይድም። መስመሩ ላይ ብቻ ስስ አርገህ ቀባ፣ ከላይ በስስ ፕላስቲክ ሸፍነው፣ አሳድረው፣ ጠዋት እጠበው። በአንዴ ካልጠፋ ድገመው፣ ቀለም ቆይቶ ከሆነ ትዕግስት ይፈልጋል። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው የቆዳውንም ቀለም ሊያነጣ ስለሚችል፣ ፊትና ሜካፕ ጋ አታስጠጋው፣ አንሶላና ፎጣም ይነጫል ተጠንቀቅ።

ፓውደር ጉዳይ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፓውደሩ ታልክ እንዳይሆን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ ታልክን ካንሰር የማምጣት እድሉ ሰፊ ነው ወደሚባለው ምድብ ከቶታል፣ ሰው ደግሞ ዶል ላይ ፓውደር ሲነሰንስ ቤት ዘግቶ ነው የሚነሰንሰው፣ የሚተነፍሰውም ያንኑ ነው። ሽታ የሌለው የበቆሎ ስታርች ይበቃል። እሱ ግን እርጥብ ቆዳ ላይ ካረፈ ይቦካል ሻጋታም ያመጣል፣ ስለዚህ በብብት በጉልበት ጀርባ በጡት ስር መድረቁን ሳታረጋግጥ አትንካው።

ባለ ሲሊኮን፦
ዝምተኛው ሲሊኮን ሆና ከተገኘች ነገሩ ይቀልሃል፣ ዘይት የሚባል ነገር አያስፈልጋትም፣ ሳሙናና ውሃ ነው፣ ቀለምም እንደ ቲፒኢ ቶሎ አትጠጣም። በሲሊኮን የተሰራ ማለስለሻ ግን ሲሊኮን ቆዳ ላይ እንዳታደርግ በውሃ የተሰራውን ያዝ። ደግሞ የሲሊኮን ችግሩ መቀደድ ነው፣ ትንሽ ጭረት ከያዘ እየሰፋ ይሄዳል፣ ጥፍርና ቀለበት ተጠንቀቅ፣ ከተቀደደም የቲፒኢ ሙጫ አይይዘውም የራሱ የሲሊኮን ማጣበቂያ ነው የሚፈልገው።

ቅመም፦
የውጪው ቆዳ ላይ ሁላችሁም ጻፋችሁ ግን ብዙ ዶል የሚበላሸው በውስጥ ክፍሉ ነው። ከተጠቀምክ በዛው ቀን ነው የሚታጠበው፣ ነገ የሚባል የለም፣ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በመርጫ አስገብተህ ታጥበዋለህ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ታለቀልቀዋለህ፣ ከዛ ማይክሮፋይበር ጠቅልለህ እያስገባህ እርጥበቱን ትመጥጣለህ። ተነቃይ ከሆነ አውጥተህ ለብቻው ይድረቅ። እርጥብ እንዳለ ልብስ አልብሰህ ካስቀመጥከው ሻጋታ ነው፣ ቲፒኢ ጥቃቅን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ ሻጋታ አንዴ ከገባበት ሽታው አይለቅም።

ዝምተኛው፦
ተባረኩ በእውነት። ቲፒኢ ነች አረጋገጥኩ። ክሬሙን እግሯ ስር ሞክሬው ቆዳው አልተቀየረም፣ ከዛ መስመሩ ላይ አሳደርኩት፣ አሁን ሰማያዊው በጣም ደብዝዟል ዛሬ ማታ እደግመዋለሁ። ፓውደሩም ሰርቷል። ግን ክሬሙ ያረፈበት ቦታ ደረቅ ደረቅ ብሎኛል፣ ልቀባት? የወይራ ዘይት አለ ቤት። ጅንስስ ከእንግዲህ ጨርሶ አላለብሳት?

ጥገና ወዳድ፦
የወይራ ዘይት አይሆንም፣ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ይበላሻል ሽታ ያመጣል። የማዕድን ዘይት ነው የምትፈልገው፣ ቤቢ ኦይልም ያው ነው ሽቶ የሌለበት ካገኘህ። ክሬሙን ከደገምክ በኋላ በደንብ እጠበውና እዛች ቦታ ላይ ብቻ ስስ አርገህ ቀባ፣ ጥቂት ሰዓት ይጠጣው፣ የተረፈውን ጥረግ፣ ከዛ ፓውደር። ሌላውን ገላዋን አሁን አትቀባ፣ ራሷ እያወጣች ስለሆነ ትጨምርባታለህ። በየጥቂት ወሩ ቆዳው ሲደርቅ ካየህ ያኔ ሙሉውን ትቀባለህ። ብብትና ብሽሽት፣ የጉልበት ጀርባ ደግሞ ቫዝሊን ስስ አርገህ፣ እዛ ነው ሲወጠር የሚሰነጠቀው።

ልብሱን በተመለከተ ነጭ ጨርቅ አርጥበህ ልብሱን ፈተግ ፈተግ አርገው፣ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ቆዳዋም ይይዛል። ጥቁር፣ ቀይና ሰማያዊ አዲስ ልብስ ብዙ ጊዜ ካልታጠበ አታልብሳት፣ የግድ ከሆነም ከስር በቆዳ ቀለም ያለ ስቶኪንግ ይሁን። የቆዳ ሶፋና ጋዜጣም ቀለም ይሰጣሉ፣ ጥቁር ዊግም እንደዛው ከስሩ ነጭ የዊግ ካፕ አርግለት።

ቅመም፦
አቀማመጧንም አትርሳ። ቁጭ አርገህ ለሳምንታት አትተዋት፣ መቀመጫዋ ይደፈጠጣል ብሽሽቷም ታጥፎ ይቆይና ይሰነጠቃል። እግር ተዘርግቶ እጅ ወደ ታች ሆኖ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ላይ በነጭ አንሶላ፣ ወይም በአንገቷ ብሎን የምትሰቀልበት መስቀያ ካለህ እሱ ይሻላል። ፀሐይና ማሞቂያ አጠገብ ግን እንዳይሆን፣ ላቡ የሚብሰው እዛ ነው።