ጽሑፍ እየተቆጠረ ማዕረግ ይሰጥ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ባለፈው ከተነሳው ጭቅጭቅ የመጣ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሌክቸረርነት ተነስቶ ረዳት፣ ከዚያ ተባባሪ፣ ከዚያ ሙሉ ፕሮፌሰር የሚሆነው በአብዛኛው ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ማስተማሩም የማኅበረሰብ አገልግሎቱም ነጥብ አላቸው። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ጽሑፉ ነው። አንዳንዶቻችሁ ይህ የጽሑፍ ቆጠራ ምርምሩን ገደለው ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ከቆጠራ የተሻለ ፍትሕ የለም ባይ ናችሁ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ያላችሁ መምህራን፣ የወረዳ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ በሉ እንስማችሁ። ስድብ የለም። የሰው ወይም የተቋም ስም እየጠሩ መክሰስም የለም።

ዳሞቴ፦ እኔ ይቅር ባይ ነኝ። የአፈር መምህር ነኝ፤ ምክንያቴን ከመስክ ላምጣው። የአዊና የምሥራቅ ጎጃም ደጋ አፈሩ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። አንዱ መፍትሔ ኖራ መበተን ነው። ኖራ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጥቅሙም ለዓመታት ይዘልቃል። ስለዚህ አንድን ማሳ ሦስት አራት ዓመት መከታተል ግድ ነው። አሁን ፍረዱኝ። አራት ዓመት ጠብቄ አንድ ደህና ጽሑፍ ላውጣ ወይስ በየክረምቱ አንዳንድ ልልቀቅ? ቆጠራው የሚለኝ ሁለተኛውን ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ክረምት ውጤት በሽ ነው፤ ገበሬው የሚጠይቀው የአራተኛው ዓመት መልስ ግን ተፈልጎ አይገኝም። በዚያ ላይ "ኖራው እዚህ ቦታ ለውጥ አላመጣም" የሚል ውጤት ቢመጣ ማን ያትመዋል? መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከርሞ ሌላ ተማሪ መጥቶ ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል።

የቢቸናዋ፦ ዳሞቴ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ዘለልክ። ቆጠራው ሲወጣ ምን ይገባል? ኮሚቴ። ኮሚቴው ውስጥስ እነማን አሉ? እኔ ሴት ነኝ፤ ለግቢው አዲስ ነኝ፤ ከኃላፊው ጋር ቡና አልጠጣም፤ ጠጅ ቤትም አብሬ አላመሽም። ቁጥር ይሄን ሁሉ አይጠይቀኝም። አምስት ካወጣሁ አምስት ነው፤ ማንም አራት ሊያደርገው አይችልም። "ከእንግዲህ ጥራቱን እንመዝናለን" የተባለ ቀን ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው የሚሆነው። እኔ ጥራትን ጠልቼ አይደለም። መዛኙን አላምነውም።

ዳሞቴ፦ አንች ደግሞ! እኔስ የምን ዘመድ አለኝ? እስካሁን ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ እኮ።

የቢቸናዋ፦ አራት ዓመት ማሳ ስትጠብቅ ነዋ።

መረጃ ሰብሳቢው፦ እናንተ ከላይ ስትከራከሩ ከታች ያለነውን ረሳችሁን። እኔ መጠይቅ ይዤ ቀበሌ ለቀበሌ የምዞር ነኝ። ጽሑፉ ሲቸኩል የምሮጠው እኔ ነኝ። "በሳምንት ጨርሱ" ይላል አለቃ። ቤቱ ሩቅ ነው፤ ገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ አበሉ የእግር መንገዱን አይመልስም። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይሞላዋል።

የሻይ ቤት መጠይቅ ግን ያስታውቃል። የገጠር ሰው ዕድሜውን ስትጠይቀው "አርባ ይሆነኛል፣ አርባ አምስትም ሊሆን ይችላል" ነው የሚልህ። 43 የሚል ብዙ አታገኝም። ስለዚህ በእውነት የተሠራ መጠይቅ ላይ ሰዉ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ ይከመራል። መሬቱንም በሄክታር አይነግርህም፤ በቃዳ ነው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው ብለህ ስትመልሰው 0.25፣ 0.5፣ 0.75 እያለ ይሄዳል። ሻይ ቤት የተሞላውን ክፈተው። ዕድሜው 37፣ 43፣ 51፤ መሬቱ 0.38፣ 0.62። የተማረ ሰው ሲዋሽ "የተለያየ" ማስመሰል ይፈልጋል፤ ቁጥሩን አሳምሮ ይበትነዋል። እውነተኛው መረጃ ነው የሚያስቀይመው። ይሄን የትኛው ገምጋሚ ያያል? የሚደርሰው ሰንጠረዡ ነው። ጥሬ መረጃውን አይቶት አያውቅም።

የሜጫ ባለሙያ፦ እዚህ መጻፍህ ጥሩ አይደለም። ነገ ሻይ ቤቱ በአምስት በአምስት መሙላት ይጀምራል።

መረጃ ሰብሳቢው፦ ይጀምር። ያኔ በሌላ ይያዛል።

የሜጫ ባለሙያ፦ እኔም ከቆጠራው በፊት ገንዘቡን ማየት አለብን ባይ ነኝ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። እዚህ ጤፍ የሚዘራውም ሐምሌ ነው። ገንዘቡ ጸድቆ፣ ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ ዘርና ማዳበሪያው ተገዝቶ ሲደርስ ዝናቡ ሊያበቃ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ የምርምር ቡድን የሙከራ መሬቱን ሳርሰውና ሳለሰልሰው ከርሜ፣ ዘሩ የደረሰው የጎረቤቴ ጤፍ ጉልበት ሲደርስ ነው። ተዘራ። ምን ይሁን? ፈቃዱ ወጥቷል፤ ሪፖርት ይጠበቃል። ያ ማሳ የሰጠው ቁጥር ዛሬ የሆነ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ስለ ዘሩ ነው የሚያወራው። ስለ ግዥ ክፍሉ ቢያወራ ይሻል ነበር።

ሰኔ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን መቃጠል አለበት። ወርክሾፕ፣ ሥልጠና፣ አበል። በሐምሌ ለዘር ያልተገኘ ብር በሰኔ ለሆቴል ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የቆጋን መስኖ ተጠቃሚዎች ጠይቁ። መጠይቅ የሰለቻቸው ሰዎች ናቸው። "ላለፈው ዓመት ተማሪ ነግሬው የለም ወይ፣ ለምን ከእሱ አትወስድም?" ይሉሃል። እውነታቸውን እኮ ነው። ለምን አንወስድም?

ጋሸ ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ደህና ይዛችኋል። እኔ የማልስማማው ነገሩ የእኛ ብቻ ጉድ መስሎ ሲቀርብ ነው። ዘ ላንሴት የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1998 የዌክፊልድንና የባልደረቦቹን ጽሑፍ አተመ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ነበር። 12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተ! ጆርናሉ ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። በመሃሉ ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ። ስለዚህ "ትልቅ ጆርናል ላይ ወጣ" ማለት "እውነት ነው" ማለት አይደለም። ቻይናም ለታተመ ጽሑፍ ጥሬ ገንዘብ ስትሸልም ኖራ በ2020 ተቋሞቿን አቁሙ አለች። ለምን? ገንዘቡን ያየ ሁሉ ጽሑፍ ማምረት ጀመረ።

የቢቸናዋ፦ ጋሸ፣ እርስዎ ያመጡት እኮ የእኔን ነው የሚደግፈው። ላንሴትን የሚያህል በጥራት እመርጣለሁ የሚል ጆርናል 12 ዓመት ከፈጀበት፣ እዚህ ያለው የሦስት ሰው ኮሚቴ ጥራትን በአንድ ከሰዓት ያውቃል?

ጋሸ ጡረተኛው፦ አያውቅም። እኔ ግን የምለው ኮሚቴው ጽሑፉን ያንብበው ነው። አሁን የሚያነበው የጆርናሉን ስም ብቻ ነው። እኔ ራሴ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ጽሑፍ ሲገለጥ አላየሁም። ጆርናሉ ዝርዝር ውስጥ አለ? አለ። የአመልካቹ ስም ስንተኛ ነው? ሁለተኛ። ነጥቡን ጻፍ። ይኸው ነው።

ላይብረሪው፦ የጆርናል ስም ማየት ራሱ ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ሰው ሆን ብሎ በስህተት የታጨቀ የካንሰር መድኃኒት ጽሑፍ ፈጠረ። አንዱ የጸሐፊ ስም አስመራ አለ የተባለ የሌለ የሕክምና ተቋም ባልደረባ ነበር። ጽሑፉን በክፍያ ለሚያትሙ 304 ጆርናሎች ላከው። 157ቱ ተቀበሉት። ውጤቱን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ነው ያወጣው። ይሄ ማለት የተጭበረበረ ጆርናል ጫካ ውስጥ ተደብቆ አይደለም ያለው፤ ኢሜይላችን ውስጥ ነው ያለው። በየጠዋቱ "ውድ ፕሮፌሰር" እያለ ሌክቸረሩን ይጠራዋል።

ስኮፐስ ጆርናሎችን የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ ማውጫ ነው፤ "ስኮፐስ ውስጥ ካለ ችግር የለም" የምትሉም አላችሁ። ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ ጆርናሎቹ በስኮፐስ ይገኙ ነበር። ዋይሊ የተባለ ሌላ አሳታሚ በ2021 ገዛው። በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፍ ተሰረዘ። ብዙዎቹ በልዩ እትም ስም የገቡ፣ ግምገማቸው የተጭበረበረ ናቸው።

ዳሞቴ፦ ይሄንን ይዛችሁ ክፍያውን አስሉት። በእኛ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። 2,000 ዶላር የሚያስከፍል ጆርናል ቀድሞ 114,000 ብር ነበር፤ አሁን ከ200,000 በላይ ነው። ኔቸር የተባለው ስመ ጥር የሳይንስ ጆርናል ላይ ጽሑፉ በነፃ ይነበብ ካልክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቆረጠው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ እናንተው አስሉት። ታዲያ ጽሑፍ የሚቆጠረው ኪስ እየታየ ነው ማለት አይደለም?

ላይብረሪው፦ እዚህ ላይ ላርምህ። ከምርጥ አሳታሚዎች ብዙዎቹ ኢትዮጵያ ላሉ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይምራሉ ወይ ይቀንሳሉ። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ጋር ስለሚቆጥሩን ነው። ግን መጠየቅ አለብህ፤ ጽሑፉን ስትልክ ነው የምትጠይቀው። ከተቀበሉት በኋላ "ገንዘብ የለኝም" ብትል ብዙዎቹ አይሰሙህም። መምህሩ ይሄን ሳያውቅ 300 ዶላር ለማይታወቅ ጆርናል በዘመድ በኩል ከውጭ ያስልካል። ስንቱን በእጄ መልሻለሁ።

የቢቸናዋ፦ ለዚህ እንኳን አመሰግናለሁ። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

የሜጫ ባለሙያ፦ የስም ጉዳይስ አይነሳም? አንድ ሄክታር የማይሞላ ሙከራ ላይ ስምንት ሰው። ማሳውን ያየው ሁለቱ ነው። ኃላፊው "ስሜን ጨምርልኝ" ሲል ማን እምቢ ይላል? ቁጥር ይሄን ሁሉ አይጠይቀኝም ያልሽው የቢቸናዋ፣ ቁጥሩ አይጠይቅም፣ ግን ኃላፊው ይጠይቃል።

የቢቸናዋ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። እኔም ላይ ደርሷል። እምቢ አላልኩም።

ዳሞቴ፦ ስለዚህ ተስማማን?

የቢቸናዋ፦ አልተስማማንም። መንገድም ኔትወርክም በተዘጋባቸው ወራት መስክ መውጣት አልቻልንም። ያኔ ኮሚቴው "ሁኔታውን እናያለን" አለ። ለአንዳንዱ አየለት፤ ለአንዳንዱ አላየለትም። እኔ የማላየው ሰው "እናያለን" ሲለኝ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የተጻፈ ቁጥር ቢኖር እከራከርበት ነበር።

ጋሸ ጡረተኛው፦ ይህን ግን በደንብ ነገርሽን።

ላይብረሪው፦ እንግዲያው አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ብዛቱ ይቅርና አመልካቹ የሚኮራባቸውን ሦስት ሥራዎች ብቻ ያቅርብ። ሁለት ሰው ያንብባቸው፤ ቢያንስ አንዱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሁን። ያነበቡትን በፊርማቸው ይጻፉ፤ አመልካቹም ያንብበው። "አልወደድኩትም" አይበቃም፤ የቱ ገጽ፣ የቱ ሰንጠረዥ እንደሆነ ይባል። ጥሬ መረጃውም ስም ተነስቶለት የዩኒቨርሲቲው ማኅደር ውስጥ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሥራ ክፍት ይሁን ብሏል፤ አዲስ ሕግ አያስፈልግም።

የቢቸናዋ፦ ፊርማው ካለ ላስብበት እችላለሁ። ግን በአንድ ጊዜ አይሁን። መጀመሪያ አንድ ፋኩልቲ ይሞክረው፤ ውጤቱ ይውጣ፤ ዝምድናው ይቀንስ ይባስ እንየው። እስከዚያ ቁጥሬን አትንኩብኝ።

ዳሞቴ፦ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው አንባቢ ግን የማላውቀው ሰው አይሆንም። በዚህ አገር የአሲዳማ አፈር ሰው ስንት ነው? አንዱን አንቀጽ እንዳየሁ ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። እሱም የእኔን ያውቃል።

ላይብረሪው፦ ለዚያ ነው ፊርማ ያልኩት። እንደሚተዋወቁ እየታወቀ መደበቁ ምን ይጠቅማል?

ዳሞቴ፦ እሺ። የእኔ የኖራ ማሳ ግን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጽሑፍ አልወጣውም። መረጃውን ማኅደር ባስገባው እንደ አንድ ሥራ ይያዝልኛል?

የቢቸናዋ፦ አየህ፣ ተመልሰህ ቆጠራ ገባህ።

ዳሞቴ፦ ገባሁ። ግን ሌላው ተማሪ ከዜሮ ከሚጀምር የእኔን ሦስት ዓመት ቢወስድ ይሻላል። ለውጥ ያላሳየውን ማሳም ጭምር ነው የማስገባው።

መረጃ ሰብሳቢው፦ ሲገባ ታዲያ የሰብሳቢዎቹም ስም ይግባ፤ የትኛውን ቀበሌ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ቀን። ምስጋና ፈልጌ አይደለም። 0.38 የሚለውን ማን እንደሞላው ይታወቅ።