ጃፓን ውስጥ ትምህርት ቤት ለመጎብኘት አንድ ቀን ብቻ ያለው መምህር ምን ላይ ቢያተኩር ይበጀዋል?

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር፣ ከቢቸና አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በመጪው ኅዳር ለአጭር ሥልጠና ወደ ጃፓን እንድሄድ ተመርጫለሁ። በመርሐ ግብሩ መሠረት አንድ ሙሉ ቀን በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እናሳልፋለን፤ ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ድረስ በግቢው ቆይተን፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ የአካባቢውን ኑሮ እናያለን ተብሏል።

ከዚህ ቀደም ውጭ አገር ደርሰው የተመለሱ ባልደረቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩልን ስለ ሕንጻው ውበት፣ ስለ ኮምፒዩተሩ ብዛትና ስለ ንጽሕናው ነው። መስማቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በማግስቱ ክፍል ስገባ የሚጠብቁኝ 60 የሚሆኑ ልጆች፣ ለሦስት የሚጋሩት መጽሐፍ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ናቸው። ብዙዎቹ ልጆች በጸጥታው ችግር ምክንያት ከትምህርት ገበታ ረጅም ጊዜ ርቀው የተመለሱ በመሆናቸው፣ የጎደለባቸውን ለመሙላት የሚረዳ ማንኛውንም ነገር ከልቤ እሻለሁ። በዚያች አንድ ቀን ዓይኔን የት ላይ ላሳርፍ? ደግሞም ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን የምሳውን ነገር እንዴት ላድርገው?

ምላሽ፦ በጃፓን የሒሳብ ሥልጠና የተካፈለ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

እንኳን ደስ ያለዎት፣ መምህር። ምክሬ አንድ ነው፦ ብዙ ክፍል አይዙሩ። አስጎብኚዎቹ በየክፍሉ አምስት አምስት ደቂቃ ሊያሳዩዎት ቢያስቡ፣ አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያዩ በትሕትና ይጠይቁ። በመጀመሪያ ደረጃ አንድ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ከኋላ ሆነው መምህሩን ብቻ አይመልከቱ፤ አንድ ልጅ ይምረጡና ደብተሩ ላይ የሚጽፈውን ከሥር ከሥሩ ይከታተሉ።

እኔ ያየሁት የ5ኛ ክፍል ትምህርት ስለ ጎነ ሦስት ስፋት ነበር። መምህሯ ቀመሩን አልነገረቻቸውም። ባለ አራት ማዕዘን መስመር በተሠመረበት ወረቀት ላይ አንድ ጎነ ሦስት አሳይታ «ስፋቱን እንዴት እናገኛለን?» ብላ ብቻ ጠየቀችና ዝም አለች። ከጀርባዋ የቆምኩባት ልጅ መጀመሪያ ትንንሾቹን አራት ማዕዘኖች አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ጫፍ ላይ ግማሽ ግማሽ የሆኑት ሲያስቸግሯት፣ ሌላ ተመሳሳይ ጎነ ሦስት አጠገቡ ሥላ ሬክታንግል አደረገችውና ለሁለት አካፈለች። የመጀመሪያውን ሙከራዋን በላጲስ አላጠፋችውም፤ ሐሳባቸው የመጣበት መንገድ እንዲታይ እንዳያጠፉ ተነግሯቸዋል።

በዚህ መካከል መምህሯ በመደዳው መካከል እየተዘዋወረች ማን ምን እንደሠራ በያዘችው ወረቀት ላይ ትመዘግብ ነበር። ይህን ሥራዋን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ የትምህርቱ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሌዳ የጠራቻቸው እጃቸውን ያወጡትን ሳይሆን ራሷ የመረጠቻቸውን ነው፤ መጀመሪያ በመቁጠር የሠራውን፣ ቀጥሎ እጥፍ አድርጎ ለሁለት ያካፈለውን፣ በመጨረሻም ቁመቱን አጋምሶ የቆረጠውን። ሰሌዳውን በክፍለ ጊዜው ውስጥ አንድ ጊዜም አላጠፋችም። ከግራ ወደ ቀኝ ጥያቄው፣ የልጆቹ የተለያዩ መንገዶችና የጋራ መደምደሚያው በቅደም ተከተል ተጽፈው ስለቀሩ፣ ዘግይቶ የገባ ሰው እንኳን የትምህርቱን ሂደት ከሰሌዳው ሊያነብ ይችላል። ይህ ሁሉ ከጠመኔ በቀር የጠየቀው ነገር አልነበረም።

ዕድል ቀንቶዎት ከትምህርቱ በኋላ መምህራኑ ተሰብስበው የሚወያዩበት ቀን ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ትተው እዚያ ይቀመጡ። በጋራ አቅዶ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተመልክተው፣ ከዚያ በኋላ መወያየት በጃፓን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የመምህራን ልማድ ነው። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ከትምህርት ሚኒስቴራችን ጋር በሒሳብና በሳይንስ ላይ ሲሠራ የቆየ በመሆኑ፣ አሠራሩን በሥልጠና የሚያውቁት ባልደረቦች እኛም ዘንድ አሉ።

ምላሽ፦ የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር፣ ምዕራብ ጎጃም

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚያዩት ነገር የቆመበትን መሠረት አብረው እንዲመዝኑ አሳስባለሁ። በጃፓን የመጀመሪያ ደረጃ የአንድ ክፍል ተማሪ ቁጥር ከ40 ወደ 35 ዝቅ እንዲል በ2021 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተሻሽሏል። በሌላ በኩል በ2018 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጥናት የጃፓን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን በሳምንት 56 ሰዓት ገደማ እንደሚሠሩ የተመዘገበ ሲሆን፣ ይህም በጥናቱ ከተካተቱት አገሮች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መምህራኑን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ይጠይቋቸው። ያንን ሸክም ሳናይ ውጤቱን ብቻ ይዘን ብንመጣ መምህሮቻችንን እንበድላለን።

ስለ ጽዳቱ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ በየዕለቱ ክፍላቸውንና መተላለፊያውን ራሳቸው እንደሚያጸዱ ብዙ ይነገራል። የእኛም ልጆች ይጠርጋሉ፤ ነገር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን መጥረጊያ የሚሰጠው ላረፈደ ወይም ላጠፋ ልጅ ነው። እዚያ ሁሉም በተራው ያጸዳል፤ መምህሩም አብሮ ያጸዳል። ሥራን ቅጣት ማድረግ በልጆች ላይ የሚያሳድረውን ስሜት ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በጀት ሳንጠይቅ ነገ ልናስተካክለው የምንችለው ጉዳይ ስለሆነ፣ ተራውን እንዴት እንደሚደለድሉ በዝርዝር ቢያዩልን እወዳለሁ።

ምላሽ፦ የአማርኛ መምህር፣ ደብረ ኤልያስ

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ከትምህርት በኋላ የሚደረገው ውይይት ለእኛ እንግዳ ነው ብዬ ስለማላምን ነው የምጽፈው። በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ የደረሰውን ቅኔ ለየኔታ ወይም ቅኔውን ለሚሰማለት አስነጋሪ ይነግራል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። የሚነቀፈው ቅኔው እንጂ ልጁ አይደለም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን የክፍል ምልከታ ሲባል የምንጠብቀው ለሥራ አፈጻጸም የሚሞላ ቅጽና ነጥብ ስለሆነ፣ ተመልካች ሲገባ የለመድነውንና የማያሳስተንን ትምህርት እናሳያለን። ስለዚህ መምህር፣ በውይይቱ ላይ የመጀመሪያውን ቃል ማን እንደሚናገር፣ ስሕተት ሲነሣ በምን አነጋገር እንደሚነሣ፣ ያስተማረውም ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ጽፈው ይምጡልን። ያንን እዚህ ያለን ሰዎች ከመጽሐፍ አናገኘውም።

ምላሽ፦ በጃፓን ለሁለተኛ ዲግሪ የተማርኩ፣ የፍኖተ ሰላም ተወላጅ

ስለ ምሳው ልመልስልዎት። ልጆቹ ምሳ የሚበሉት በየክፍላቸው ከመምህራቸው ጋር ነው። ተረኞቹ ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው ያድላሉ፤ እንግዳም አብሮ እንዲበላ ይጋበዛል። ወተት በአብዛኛው ከምሳው አይለይም፤ ሾርባው አትክልት ብቻ ቢመስልም ብዙ ጊዜ በዓሣ መረቅ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም። ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ ወተትና እንቁላል እንደማይወስዱ ለአዘጋጆቹ ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ቀኑ ማክሰኞም ቢሆን ያስፈልግዎታል። ነጭ ሩዝ አይጠፋም፤ ጥቂት ቆሎ ቢይዙም አይከፋም።

መግቢያው ላይ ጫማ ስለሚወለቅ ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ። ልጆቹን ያለ ፈቃድ ፎቶ አያንሡ። ጠዋት ከቻሉ ቀደም ብለው ይውጡና ትንንሾቹ ያለ ወላጅ በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ አረጋውያንም መሻገሪያው ላይ ቢጫ ባንዲራ ይዘው ሲያሻግሯቸው ይመልከቱ። ከሰፈሩ ኑሮ እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይህ ነው። በገጠሩ ደግሞ ልጅ እያነሰ ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ እንግዳ መምህር ሲያዩ ስለ ልጆቻችን ብዛት ደጋግመው ይጠይቃሉ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቅኔ ቤቱ ነገር ለርዕሰ መምህራችንም የማነብለት ነው። ለደብረ ማርቆሱ ባልደረባዬ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ መምህሯ ተዘዋውራ የእያንዳንዱን ደብተር ያየችው ተማሪዎቿ 35 ስለማይበልጡ አይደለም? በ60 ልጅ፣ ያውም አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው በተቀመጡበት፣ እንዴት ይሆናል?

ምላሽ፦ የደብረ ማርቆሱ መምህር

ልክ ነው፣ ሁሉንም ማየት አይቻልም። እኔም አልሞክረውም። አንድ ዴስክ ላይ ያሉት ልጆች በመጀመሪያ ለየብቻ እንዲሞክሩ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያይተው የተለያየ መንገድ ካላቸው ሁለቱን መንገዶች በአንድ ወረቀት እንዲጽፉ አደርጋለሁ። በዚህ አኳኋን 60 ደብተር መሆኑ ቀርቶ 15 ወረቀት ይሆናል፤ በአሥር ደቂቃ ይዳረሳል። ለሰሌዳው የሚያስፈልጉኝ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ብቻ ናቸው። አስቀድሜ ቤቴ ሆኜ ልጆች ሊሄዱባቸው የሚችሉትን መንገዶች፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ በትምህርት ዕቅዴ ላይ ስለምጽፋቸው፣ ስዘዋወር የምፈልገውን አውቄ ነው የምፈልገው። ዴስኮቹን በየሳምንቱ አቀያይራለሁ፤ አለበለዚያ ፊት ያሉት ብቻ ይታያሉ። ጃፓን ሲደርሱ የመምህሩን የትምህርት ዕቅድ ቅጂ ይጠይቁ፤ ልጆቹ ሊመልሱ ይችላሉ ተብሎ የተገመተው ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።