አዲስ የፍሬን ዲስክ ተገጥሞም መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ዋስትናው አይሸፍንም እየተባልኩ ነው

ፒክአፗ ገና ዋስትና ላይ ናት። ሥራዋ ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት ጭነት ማመላለስ ነው። መንገዱን ለማታውቁት፣ ከጣርማበር ዋሻ እስከ ደብረ ሲና፣ ከዚያም እስከ ቆላው ድረስ ቁልቁለቱ ፋታ አይሰጥም።

ከ80 በላይ እየሄድኩ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም እግሬን ይመታል። ፍሬን ካልያዝኩ ግን ጸጥ ያለች ናት፤ ጎማውም ባላንስ ተደርጓል። የሻጩ ጋራዥ መጀመሪያ የፊት ዲስኮቹን በቶርኖ አስተካከለ፣ ሲብስ ከነሸራው በአዲስ ቀየረ። ትንሽ ደህና ትሆንና ያው ነው። አሁን ደግሞ «ፍሬን ታበዛለህ፣ የአነዳድ ችግር ነው» ይሉኛል። እኔ የምወርደው በከባድ ማርሽ ነው፣ ጭነቴም ሊብሬው ላይ ከተጻፈው አያልፍም። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ነክሶ ይዞ ነው እንዳልል፣ ከወረድኩ በኋላ የሁለቱም ጎማ ሙቀት እኩል ነው።

የጠረጠርኩት ሞዞውን ነው፤ ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበትን ማለቴ ነው። እሱ ቅንጣት ከተዛባ አዲስ ዲስክም አብሮት ይዋዥቃል፣ ሸራው አንድ ቦታ እየፋቀ ውፍረቱን ያበላሸዋል። እስካሁን መዛባቱን የሚያሳይ ባለመርፌ መለኪያ ያስጠጋበት የለም፤ የጎማውን ብሎንም በአየር ሽጉጥ ነው እንደ ጉድ የሚያጠብቁት!

ሞዞው በዋስትና የተቀየረለት ሰው ካለ፣ ጋራዡን ያሳመነው ምን ዓይነት ማስረጃ ነበር?