ፍቅር ሐይቅ ላይ አብሮ መዝፈን፦ የፕሮፖዛሉን ረቂቅ እዚህ እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ጊዜ አጥሮን ሳንቋጨው የቀረ ጉዳይ ነው። ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር የምናስገባው ፕሮፖዛል ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ርዕሱ በአደባባይ አብሮ መዝፈን ነው።

ያን ቀን ያልነበራችሁ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ እወቁልኝ። በክረምት አንድ እሁድ ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተንሸራሸርን ነበር። ዝናቡ ድንገት ዱብ አለ። ሰው ሁሉ ሮጦ አንዲት ቡና ሻጭ ሸራ ሥር ገባ። ሠላሳ ሰው እንሆናለን። ማንም ማንንም አያውቅም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንዲት እናት ያዘለችው ሕፃን መብረቁ አስደንግጦት አለቀሰ። እሹሩሩ ትለው ጀመር። አጠገቧ የቆመች ሴት ቀስ ብላ ተቀበለቻት። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ። ከዚያ ሸራው ሙሉ። ሕፃኑ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላም አልተውንም፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል። ዝናቡ ማባራቱን ያወቅነው ባለቡናዋ የሸራውን ውኃ ስታራግፍ ነው። ስንለያይ ስም ሳንጠያየቅ ተጨባብጠናል።

የኔ ረቂቅ፦ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ፍቅር ሐይቅ። መድረክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ የተጋበዘ ድምፃዊ። በሉ እንግዲህ፣ አስተያየታችሁን ጻፉ።

ከበሮ መቺው፦
እህቴ፣ የሸራውን ታሪክ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እዚያ ሸራ ሥር ድምፅ ማጉያ ቢኖር ኖሮ ማን ይዘፍን ነበር? ማንም። ሠርግ ቤት አይተን የለም? ዲጄው እስኪመጣ እናቶች በአንድ ከበሮ ቤቱን ያናውጡታል። ስፒከሩ ሲከፈት ከበሮው ጥግ ይቀመጣል፤ እነሱም ይቀመጣሉ። ስለዚህ መድረኩም፣ ማጉያውም፣ እንግዳ ድምፃዊውም ይውጡልኝ።

የኛ አዘፋፈን ራሱ ሰው ለመጥራት የተሠራ ነው። አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። የግጥሙ ሸክም አውጪው ላይ ነው፤ ተቀባዩ አንድ መስመር ብትበቃው ነው። አንዴ ሰምቶ፣ ሁለተኛው ላይ ይገባል። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ትንንሽ ልጆችን እዩ። ግጥሙን አያውቁትም። «ሆ!» ማለትና ዱላቸውን መሬት ላይ መምታት ግን ማንም አይቀድማቸውም።

ከልምዴ ሁለት ነገር ልጨምር። አውጪው ዝቅ አድርጎ ይጀምር። ከላይ ከጀመረ ግማሹ ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ድምፁ ይሰበርና ይተዋል። ደግሞ ክብ ሠርተን ተጠጋግተን እንቁም። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። በረድፍ ከተሰለፍን ዳርና ዳር ያሉት አይሰማሙም፤ ጭብጨባው ይዘባረቃል።

የማኅበሩ ሽማግሌ፦
ልጆቼ፣ ጥሩ ብላችኋል። ረቂቁ ላይ «ለከተማችን አዲስ ልምድ ለማስተዋወቅ» የሚለውን ግን ሰርዙልኝ። ሐዋሳ ላይ ይህ አዲስ አይደለም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ወርዳችሁ አይታችኋል። ሽማግሌዎች ይጀምራሉ፣ ቄጣላው፣ የበዓሉ የጋራ ጭፈራ፣ ይነሣል፣ ወጣቱ ከኋላ እየተግተለተለ ይገባበታል። ተመልካች ሆኖ የመጣው ሳይታወቀው ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ዓለም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። «ያለንን እናስፋ» በሉ፤ እሱ ይበቃል።

አደራ ግን፣ ቄጣላን ለየወሩ መዝናኛ አትጥሩት። የራሱ ጊዜ አለው። በሲዳምኛም በወላይትኛም የሚያወጣ ሰው ግን ይኑር። እኔ በሲዳምኛ ለማውጣት አለሁ፤ ጉሮሮዬ ገና ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛዋ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ካወጡ እኔ ተቀባይ ነኝ! ቅዳሜ ግን አትበሉ፤ እኛ ሥራ ላይ ነን። እሁድ ይሁን። ከፈረቃ ስንወጣ ሰርቪስ ውስጥ እንዘፍናለን። ከየአካባቢው የመጣን ሴቶች ነን፤ የአንዷን ሀገር ዘፈን ሌላዋ የለመደችው እዚያ መኪና ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጮህብኝ ውዬ፣ የራሴን ድምፅ የምሰማው ያኔ ነው። ስወርድ ድካሙ ግማሹ መኪናው ውስጥ ይቀራል።

አንዲት አባል፦
እኔም በግልጽ ልናገር። በእምነቴ ምክንያት ዘፈን አልዘፍንም። እንደኔ ያለ ሰው በሐዋሳ ብዙ ነው። ሐሳቡን ግን ወድጄዋለሁ። ቦታዬ የት ነው?

ጸሐፊዋ፦
እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሸራው ሥር የተጀመረው በእሹሩሩ ነው። ሁልጊዜ ማንም ሊገባበት በሚችል እንጀምር፦ እሹሩሩ፣ የልጆች ጨዋታ፣ የአጨዳና የውቂያ ዜማ። የሃይማኖትና የፖለቲካ ነገር ውስጥ አንገባም። የማይመችሽ ሲወጣ ዝም ማለት፣ ወይ ልጆቹን ይዞ ማጨብጨብ ነው። ማንም አያይሽም።

አንዲት አባል፦
እንደዚህ ከሆነ አለሁ። ልጆቼንም ይዤ እመጣለሁ።

ገንዘብ ያዡ፦
መድረኩ ከቀረ ወጪያችን የከበሮ ጠፍር ማስጠገኛ ብቻ ነው። ገንዘብ መሰብሰብም አይኑር። ሳንቲም የሚጣልበት ሳህን ከተቀመጠ ሰው «ለኛ እየዘፈኑልን ነው» ብሎ ያስባል፣ አይገባበትም።

ስለ ፈቃድ ለጠየቃችሁኝ፦ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ የሚለው ለሰላማዊ ሰልፍና ለሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ነው። የኛ ሁለቱንም አይደለም። ቢሆንም አስቀድመን በደብዳቤ እናሳውቅ፤ ጥበቃዎቹ እንዳይደናገጡ። ሁለት ነገር ረቂቁ ውስጥ ይግባ፦ በዐቢይ ጾም አንዘፍንም። አቅራቢያው የልቅሶ ድንኳን ከተተከለ ደግሞ ያን ቀን ከበሮው ከቤት አይወጣም፤ ሄደን እንደርሳለን።

ጸሐፊዋ፦
ሁሉንም አስገብቼዋለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበራችን በወር አንድ እሁድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከዛፎቹ ሥር ሦስት አውጪዎችና አንድ ከበሮ ይዞ ይገኛል። መድረክ፣ ድምፅ ማጉያና ክፍያ የለም። የሚያልፍ ሁሉ ይቀበላል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲፈልግ እሱም ያወጣል። ከአስተዳደሩ የምንጠይቀው ቦታውን ለዚያ ሰዓት እንዲተውልንና የተቃጠሉ አምፖሎችን እንዲያስጠግን ብቻ ነው።»

ከበሮ መቺው፦
«ሲፈልግ እሱም ያወጣል» የምትለዋን ወደ መጀመሪያው መስመር አምጪልኝ። የኛ ሦስቱ እሳቱን ጫሪ ናቸው። ሌላ ሰው ሲያወጣ ወዲያው ዝም ብለው ይቀበሉት፤ ይህም ይጻፍ።

የማኅበሩ ሽማግሌ፦
ይጻፍ። ባለቡናዋንም አትርሷት። ዝናብ ከመጣ ሸራዋን እንፈልገዋለን።

ጸሐፊዋ፦
ነገ ጠዋት ሄጄ አነጋግራታለሁ፣ ጋሼ።