የውሻና የድመት ትል፦ በአቅማችን እንዴት እንከላከለው፣ እንዴትስ እናክመው?

ጥያቄ፦ ከሞጣ አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ? በግቢያችን ቤት የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ውሻ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የወለደች ሴት ውሻ ከነቡችሎቿ፣ እንዲሁም ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቅልን አንዲት ድመት አሉ። ሰሞኑን በትልቁ ውሻ ጅራት ሥር የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ተጣብቀው ሲንቀሳቀሱ አየን። ከቡችሎቹም አንዱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ፀጉሩ ተንጨፍርሮ ከሰነበተ በኋላ ረጅም ነጭ ትል አስታወከ። ልጆቼ ከቡችሎቹ ጋር ሲጫወቱ ስለሚውሉ ነገሩ እጅግ አሳስቦኛል።

የጎረቤት ምክር ብዙ ነው። አንዱ ለበግ የሚሰጠውን አልቤንዳዞል ቆርሰሽ ስጪ ይለኛል፤ ሌላዋ ኮሶ በጥብጠሽ አጠጪ ትለኛለች፤ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል የሚሉም አሉ። ሁሉንም እንስሳት በየጊዜው ወደ ወረዳው ከተማ ወስጄ ለማሳከም አቅሜ አይፈቅድም። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ትል እንደሚሆን፣ በዓመት ስንት ጊዜ መስጠት እንደሚገባና ወጪውን የምቀንስበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ

እኅታችን፣ ያዩዋቸው ሁለት የተለያዩ ትሎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። በትልቁ ውሻ ላይ የታየው የኮሶ ትል ቁራጭ ሲሆን፣ የሩዝ ፍሬ የሚመስለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በቁንጫ አማካይነት የሚመጣ ነው፤ ውሻው ሰውነቱን ሲያክክና ሲልስ የታመመችውን ቁንጫ ይውጣትና ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ቡችላው ያስታወከው ደግሞ ወስፋት ነው። የወስፋት እጭ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና በእርግዝናዋ መጨረሻ ሳምንታት ተነሥቶ ወደ ጽንሶቹ ያልፋል፤ ከወሊድ በኋላም በጡት ወተት ይተላለፋል። ስለዚህ እናቲቱ ጤነኛ መስላ እየታየች ቡችሎቿ ሁሉ ባለ ወስፋት ቢሆኑ አያስደንቅም፤ አንዱ ካስታወከም ሌሎቹ እንዳለባቸው ቆጥሮ ሁሉንም ማከም ይገባል።

ለወስፋትና ደም ለሚመጠው መንጠቆ ትል ፒራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል ይሰጣል። ለኮሶ ትል የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ካለዎት 75 ሚሊግራም ይበቃዋል ማለት ነው። ፌንቤንዳዞል በአንድ ኪሎ 50 ሚሊግራም እየተሰላ ለሦስት ተከታታይ ቀናት የሚሰጥ ሲሆን፣ ለምታጠባው እናትም ይስማማል፤ በቁንጫ የሚመጣውን የኮሶ ትል ግን አያጠፋም። በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው ድብልቅ ክኒን ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል፣ 144 ሚሊግራም ፒራንቴል ኤምቦኔትና 150 ሚሊግራም ፌባንቴል ይዞ ለ10 ኪሎ ክብደት አንድ ክኒን ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ማሸጊያው ላይ እነዚህን ቁጥሮች ፈልገው ያንብቡ፤ ስሙ ቢለያይም ይዘቱ አንድ ከሆነ ረከስ ያለውን መግዛት ምንም ጉዳት የለውም።

አልቤንዳዞልን በሚመለከት በጥብቅ እለምንዎታለሁ፤ አይስጡ። ለበግና ለከብት የሚሆነው ቦለስ (ትልቅ ክኒን) ለውሻ ክብደት የተዘጋጀ ስላልሆነ በቢላ ቆርሶ የውሻን መጠን ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚህ የባሰው ግን መድኃኒቱ በውሾችና በድመቶች የአጥንት መቅኔ ላይ ጉዳት አድርሶ ደም የመሥራት ኃይላቸውን ሊያዳክም መቻሉ ነው። ኮሶም አባቶቻችን ለሰው የኮሶ ትል የጠጡት መድኃኒት መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ በሰው ላይ እንኳ መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት ደርሷልና ለእንስሳ አይሞከርም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ትሉን ሳይገድል የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል።

ለቡችሎቹ ፒራንቴል ፈሳሹን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ደንቡ ከተወለዱ በሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወር በየወሩ መስጠት ነው፤ እናቲቱም ከእነርሱ ጋር አብራ ትወስዳለች። በየሁለት ሳምንቱ የሚደጋገመው መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ የደረሰውን ትል ብቻ ስለሚገድልና ገና በሰውነት ውስጥ በመጓዝ ላይ ያለው እጭ በኋላ ስለሚደርስ ነው። ከቡችሎቹ መካከል ድዱ የነጣ ወይም ሰገራው እንደ ቅጥራን የጠቆረ ካለ፣ መንጠቆ ትል ደሙን እየመጠጠው ሊሆን ይችላልና እሱን ብቻ እንኳ ይዘው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክሊኒክ ይምጡ።

መልስ፦ በግ አርቢ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ

ባለሙያው የተናገሩትን ሁሉ ተቀብዬ፣ እኛን አርሶ አደሮችን በኪሳችን የሚጎዳንን አንድ ነገር ልጨምር። በጋችን አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ እየዞረ፣ ከመንጋው እየተለየ፣ በግድግዳ ላይ እየተላተመ የሚሞትበት አዙሪት የምንለው በሽታ መነሻው ውሻችን ነው። እንዲህ ያለውን በግ አርደን ጭንቅላቱን ስንከፍት በአንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ስስ ከረጢት፣ በከረጢቱም ግድግዳ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ በውሻ ሆድ ውስጥ አንድ የኮሶ ትል ለመሆን የሚችል ራስ ነው። ያንን ጭንቅላት ለውሻ ከወረወርንለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የትሉን እንቁላል የያዘ ሰገራውን በግጦሹ ላይ ይጥላል፤ በጉ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን አብሮ ይበላል፤ አዙሪቱም እንደገና ይመጣል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ከማንኛውም ክኒን የሚቀድመው ያልበሰለ ጭንቅላት፣ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አለመስጠት ነው፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። በእኛ መንደር ያለን ሰዎች በበዓል ስናርድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ከተገኘ እናቃጥለዋለን፤ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ቀብረን ድንጋይ እንጭንበታለን። ጤነኛ የመሰለውንም ቢሆን ግማሽ ሰዓት በደንብ አፍልተን ነው የምንሰጠው። አንድ ቤት ብቻ ቢጠነቀቅና የጎረቤት ውሻ ከየጓሮው እየለቀመ ቢበላ ድካሙ ከንቱ ስለሚሆን፣ ጉዳዩን በዕድር ወይም በማኅበር አንሥታችሁ ተነጋገሩበት።

መልስ፦ ነርስ፣ ከቡሬ

ስለ ልጆቹ የተጨነቁት በሚገባ ነው፣ እኅቴ። ወንድማችን የጠቀሱት ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ከአዙሪቱ ትል የተለየ ሌላ ትል ያመጣው ነው። ይህ ትል በውሻ ሆድ ውስጥ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፤ በዓይን ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። እንቁላሉ ከውሻው ሰገራና ፀጉር ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅም ወደ አፍ ከገባ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ እያደገ ውሃ የቋጠረ ትልቅ እባጭ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። «ውሻችን ትል አይታይበትም» ብሎ መዘናጋት የማይገባው ለዚህ ነው።

የወስፋቱና የዚህ ትንሽ ትል እንቁላል ጠባይ የተለያየ መሆኑንም ልብ ይበሉ። የወስፋቱ እንቁላል ከውሻ እንደወጣ ወዲያው አይተላለፍም፤ በአፈር ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ሊኖር ይችላል። በየዕለቱ ሰገራውን በአካፋ እያነሱ መቅበር ትልቅ ጥቅም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የዚያኛው የትንሹ ትል እንቁላል ግን በወጣበት ቅጽበት ሰውን ሊይዝ ስለሚችል፣ ልጆች ውሻውን ነክተው እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ፤ ውሻ የላሰው ዕቃም ሳይታጠብ አይቅረብላቸው። የጓሮ ጎመንና ሰላጣ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ጓሮውም ውሻ እንዳይገባበት ይታጠር። አፈር የሚበላ ልጅ ካለና ሳል፣ የሆድ ሕመም ወይም በአንድ ዓይኑ የማየት ችግር ከታየ፣ ቤት ውስጥ ውሻ መኖሩን ለጤና ጣቢያው ባለሙያ ይንገሩ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። ውሻውን የምመዝንበት ሚዛን የለኝም፤ ክኒኑንም ይተፋዋል ብዬ እሰጋለሁ። ደግሞስ ለትልቁ ውሻ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ ብሰጠው አይበቃም? ለድመቷ የውሻውን ክኒን ከፍዬ ብሰጣትስ?

መልስ፦ ድመት አሳዳጊ፣ ከባሕር ዳር

ስለ ድመቷ እኔ ልመልስ፣ እኅት ዓለም። የውሻውን ድብልቅ ክኒን አይክፈሉላት። ለድመት ተብሎ የሚዘጋጀው ክኒን ለ4 ኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴልና 230 ሚሊግራም ፒራንቴል ኤምቦኔት ይይዛል፤ የፒራንቴሉ ድርሻ ለውሻ ከሚሰጠው በጣም የበዛ ስለሆነ የውሻው ክኒን ሲከፈል ለወስፋቷ አይበቃትም። አይጥ የምታድን ድመት የኮሶ ትልን ከአይጥ ጉበት ስለምታገኘው፣ ብትታከምም ከወራት በኋላ ተመልሶ ይይዛታልና በየሦስት ወሩ ይስጧት። ከወለደች ግልገሎቿን በሦስተኛው ሳምንት ይጀምሩላቸው፤ የድመት ወስፋት በጽንስ ሳይሆን በወተት ነው የሚተላለፈው።

ክኒኑ መራራ ስለሆነ ከቀመሰችው አረፋ ትደፍቃለች፤ ይህ ግን መመረዝ አይደለም። በአሮጌ ነጠላ እስከ አንገቷ ጠቅልለው፣ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ በለጋ ቅቤ የተለወሰውን ክኒን በምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮዋ ጠለቅ አድርገው ያስቀምጡና አፏን ይዘው ጉሮሮዋን ወደ ታች ያሹላት። ቁንጫ ለመግደል ተብሎ የከብት መዥገር መድኃኒት እንዳይረጩባት አደራ፤ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት ድመትን ይገድላል።

መልስ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያው፣ ከደብረ ማርቆስ

ለሚዛኑ፣ ውሻውን በጆንያ አድርገው በእህል ነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ያስመዝኑት፤ ወይም ሰው ታቅፎት በሚዛን ላይ ይቁምና ኋላ የሰውየውን ክብደት ይቀንሱ። በግምት መስጠት ከልክ በታች ሆኖ ትሉን ሳይገድል ገንዘብዎን ያባክናል። ክኒኑን ለውሻ ለመስጠት በተቀቀለ ጉበት መካከል ደብቆ፣ አስቀድሞ አንድ ሁለት ባዶ ጉርሻ አጉርሶ ማስለመድ ይበቃል።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን አይበቃም። ፕራዚኳንቴል በዚያ ቀን ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ለነገ አይጠብቅም። ትንሹ ትል ውሻው ጉበቱን ከበላበት ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል ሳይሞላው እንቁላል መጣል አይጀምርም፤ ስለዚህ አቅም ለሚያንሰው ሰው የበዓሉ እርድና ትርፍራፊ ካለቀ በኋላ፣ ግን ስድስተኛው ሳምንት ሳይደርስ መስጠቱ ገንዘቡን በቦታው ማዋል ነው። ለገና እርድ በየካቲት መጀመሪያ፣ ለፋሲካው ከበዓሉ አምስተኛ ሳምንት ላይ፣ ለመስቀሉ በጥቅምት ሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ይሆናል፤ አራተኛውን በነሐሴ ይጨምሩ። ይህ ሌሊት ታስሮ ለሚያድርና ጥሬ ሥጋ ለማይሰጠው ውሻ ነው። በየመንደሩ እየዞረ የሞተ በግ ለሚበላ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ መስጠት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ገመድ መግዛቱ ከክኒኑ ይረክሳል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ውሻውን በሰጡት ቀንና በማግስቱ አስረው ሰገራውን ሰብስበው ያቃጥሉ።

ቁንጫውን ካላጠፉ ያ የሩዝ ፍሬ የመሰለው ትል በወር በሁለት ወር ይመለሳል። የሚተኛበትን ጆንያ በፈላ ውሃ ይቀቅሉ፤ የተጎዘጎዘውን ሣር በየሳምንቱ ያቃጥሉ፤ ቤቱንም ጥግ ጥጉን ይጥረጉ።

ለወጪው፣ ፒራንቴሉ ጠርሙስ ከተከፈተ ለአንድ ቤት ቡችሎች ይተርፋል፤ ክኒኑም በካርቶን ሲገዛ ይረክሳል። ጎረቤቶችዎን አስተባብረው የእያንዳንዱን ውሻ ክብደት በወረቀት ጽፈው አንድ ሰው ወደ ወረዳው እንስሳት ክሊኒክ ይላኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም መቼ እንደሚሰጥ በዚያው ይጠይቅልዎ። ጠርሙሱ ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ የቡችሎቹን ልክ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ እንዲሰጠው ለባለሙያው ይንገሩት።