ቤቲንግ ቤቱ ከዶርም ስንት ደቂቃ ነው? ፕሮፖዛሉን እንጨርስ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮፖዛሉ አርብ ይገባል። ጥያቄያችን ቤቲንግ ቤት አጠገቡ ያለ ተማሪ ከሌላው ይበልጥ ይቆምራል ወይ የሚል ነው። ረቂቁ ውጭ ተከራይተው የሚኖሩትን እንጠይቅ ይላል። ሐሳብ ስጡ።

ስታትስቲክስ፣ 4ኛ ዓመት፦ እሱ አያስኬደንም። የሚከራይ ሰው ሰፈሩን ራሱ ነው የሚመርጠው። ቁማር የለመደ ልጅ ሆን ብሎ እዚያ ተከራይቶ ቢሆንስ? ዶርም ግን ማንም አይመርጥም፤ ፕሮክተሩ የለጠፈው ዝርዝር ላይ የደረሰህ ነው። ቤቲንግ ቤቶቹ ላሉበት የግቢው በር የሚቀርቡትን ብሎኮች ከሩቆቹ ጋር እናወዳድር። ርቀቱንም በእግር ደቂቃ እንለካ።

ሶሲዮሎጂ፣ 3ኛ ዓመት፦ ዶርም እኮ የሚደለደለው በዲፓርትመንት ነው። ኢንጂነሪንጉ በሩ ጋ፣ ሶሻሉ ከኋላ ከሆነ ምኑን ከምኑ ልናወዳድር ነው?

ስታትስቲክስ፦ ልክ ነሽ። እንግዲያው አንድ ዲፓርትመንት ሁለት ብሎክ ላይ የተበተነበትን እንፈልግ።

ነን ካፌ ነኝ (ካፌ ሳልበላ የምግቡን ብር በእጄ የምቀበል)፦ በቁማር ተበልቼ ስለማውቅ ልናገር። መጀመሪያ ያስገባኝ ኳስ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ይከፈላል፣ ቤቲንግ ቤት ግን በነጻ ታያለህ። ቁጭ ካልክ የ20 ብር ቲኬት መቁረጥ ምን አላት? 10 ጨዋታ በ1.5 ኦድ (ብሩ የሚባዛበት ቁጥር) ስትደረድር ከ1,150 ብር በላይ ታሳይሃለች። 9ኙ ይገባና አንዷ ትበላሃለች። በነጋታው «በአንድ ጨዋታ እኮ ነው» እያልክ ትመለሳለህ። ደግሞ የነን ካፌ ብር የሚገባበትን ሳምንት ለይታችሁ ጠይቁ። የቀን በጀቱ ከ22 ወደ 100 ብር ካደገ ወዲህ በወር 3,000 ገደማ ነው። ያ ሳምንት ሌላ ነው።

አይቲ፣ 2ኛ ዓመት፦ አሁን ሁሉም በስልክ ይቆርጣል፣ በቴሌብር ይከፍላል። ርቀት ምን ይሠራል?

ነን ካፌው፦ እኔም አሁን በስልክ ነው የምቆርጠው። የተማርኩት ግን እዚያ ቤት ነው፣ «አሪፍ ቲኬት አለኝ» ከሚል ጓደኛ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ሁለት ጥያቄ እናድርገው። የት ጀመርክ? አሁን የት ነው የምትቆርጠው? ስም አይጻፍ። «ስንት ብር ተበላህ» የሚለውም ይውጣ፤ እውነቱን የሚነግረን የለም። ባለፈው ወር ስንት ቀን እንደቆረጠ ይበቃናል። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰው በሩ አካባቢ ያሉትን ቤቶች ቆጥሮ ካርታ ላይ ያስፍር። ማን ይሄዳል?

ሶሲዮሎጂ፦ እኔ አለሁ።

አይቲ፦ እኔም። ነን ካፌው ቤቶቹን ስለሚያውቃቸው ቢመራን?

ነን ካፌው፦ ቅዳሜ ማንቼ አለ። በሩን በወረቀት ስዬ ልስጣችሁ፣ እኔ ግን ይቅርብኝ።